ባለ ዓሣው

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለችው በአቶ ሸዋንግዛው ሰዓት ማደሻ ደንበኛ በስሙ አይታወቅም ነበር። አቶ ሸዋንግዛው ሰዓቱን ተቀብለው በትንሽ ፖስታ ይከቱትና ፖስታው ላይ «ባለ ጥቁር ፊቱ»፣ «ባለ ወርቅ ቅቡ»፣ «ውሃ የገባበት» ብለው ይጽፋሉ። ስም ጠይቀው አያውቁም።

«በዚህ ሰፈር አንድ ስም ያላቸው ሃያ ሰዎች አሉ፤ ውሃ የገባበት ሰዓት ግን አንድ ነው» ይላሉ።

ከዚያም በላይ፣ ዘመኑ የሰው ስም የሰፈረበት ወረቀት በየመሳቢያው ማኖር ብዙ የማይመከርበት ዘመን ነበር። ይህንን ግን ጮክ ብለው አይሉትም።

የሱቁ እጅ የሃያ አራት ዓመት ልጃቸው ድንቅነሽ ናት። አባቷ ዓይናቸው ከደከመ ሁለት ዓመት አልፏል። ደንበኛ ሲመጣ አጉሊ መነጽሩን ይሰኩና ሰዓቱን ገልበጥ አድርገው ያያሉ፤ «እህም» ይላሉ፤ ከዚያ በመጋረጃው ሥር ለእሷ ያሳልፉላታል። ሰፈሩ በሙሉ የአቶ ሸዋንግዛው እጅ እንዴት እንዳላረጀ ያደንቃል። እሷም ከመጋረጃው ኋላ ቁጭ ብላ ምስጋናውን ትሰማለች።

ኢዶሳ የመጣው በ1975 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ዝናብ እያባረረው ነው። ከኪሱ ያወጣው ሰዓት ሳይሆን የክብሪት ሳጥን ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ጥጥ፣ ጥጡ ላይ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ነገሮች።

«ሰዓት አይደለም» አለ ገና ሳይጠየቅ።

«ጥርስ ነው እንዴ ታዲያ?» አሉ አቶ ሸዋንግዛው።

«የዓሣ ጆሮ ጠጠር ነው።»

አቶ ሸዋንግዛው መነጽራቸውን ሰክተው አንዷን ገልበጥ አድርገው አዩ። «እህም» አሉ።

ኢዶሳ አስረዳ። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በባሕር ሳይንስ ክፍል ረዳት ተመራማሪ ነው። ዓሣ ጭንቅላቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠጠር አለው፤ ዓሣው ባደገ ቁጥር ጠጠሩም እየደረበ ያድጋል። እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ከተሞረደ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ቀለበቱ ይቆጠርና የዓሣው ዕድሜ ይታወቃል። ዕድሜው ከታወቀ፣ ዘሩ ሳያልቅ ከቀይ ባሕር በዓመት ስንት ማውጣት እንደሚቻል ይታወቃል። የኮሌጁ መሞረጃ ማሽን ግን ተበላሽቷል፤ የመለዋወጫው ጥያቄ ሦስት ማኅተም አግኝቶ አራተኛውን እየጠበቀ ነው።

«ስንት ዓሣ ነው?»

«ስምንት መቶ።»

«ስምንት መቶው ሁሉ ዕድሜውን አያውቅም?»

ከመጋረጃው ኋላ ሳቅ አመለጠ። ኢዶሳ ወደ መጋረጃው ዞረ። መጋረጃው የተቆላ ቡና የመሰለ አሮጌ ጨርቅ ነው፤ ቢያዩት ምንም የለውም። እሱ ግን ሲበዛ አየው።

አቶ ሸዋንግዛው የመጀመሪያዋን ጠጠር ሞረዱና ሰበሯት። ሁለተኛዋንም ሰበሩ። ሦስተኛዋ ከወረንጦአቸው አምልጣ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያን ጊዜ ዙሪያቸውን አይተው፣ ሌላ ደንበኛ አለመኖሩን አረጋግጠው መጋረጃውን ገለጡት።

«እንግዲህ ይህ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» አሉት።

ፖስታው ላይም «ባለ ዓሣው» ብለው ጻፉ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞና ዓርብ ዓርብ ይመጣል። ቀጭን ነው፤ የነጆ ልጅ፤ ካፖርቱ ዓሣ እንዳይበሰብስ የሚዘፈዘፍበት ፎርማሊን ይሸታል። በዚህ የተነሣ አውቶቡስ ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ ስለሌለ ሁልጊዜ ሁለት መቀመጫ አለው። ሰው እንደሚሸሸው ያውቅ ስለነበር ሱቁ ውስጥም ከበሩ አጠገብ ነበር የሚቆመው። በሦስተኛው ሳምንት ድንቅነሽ በርጩማ ገፋ አደረገችለት።

«በሩን ዘግተው ነው የቆሙት። ብርሃኑን ከለከሉኝ» አለችው።

ብርሃን የምታገኘው ከመስኮቱ ነበር። ይህንን ሁለቱም ያውቃሉ። ኢዶሳ ተቀመጠ።

እሷ ጠጠሯን በመስተዋት ላይ ትለጥፋለች፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና በጠብታ ዘይት ትሞርዳለች፤ ከዚያ ወደ ብርሃን አንስታ ታያለች። እሱ ኮሌጅ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ይቆጥራል። መጀመሪያ ሥራዋ መሞረድ ብቻ ነበር። ሰው ግን አንድ ነገር ሲያጠራ ውሎ ምን እንደሆነ ሳያይ አይቀርም።

«ይህንን ስንት ዓመቱ ነው አሉት?» ብላ ጠየቀችው አንድ ዓርብ።

«አሥራ ሁለት።»

«እኔ ስድስት ነው ያልኩት።»

«ቀለበቶቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ይቁጠሯቸው።»

«ቆጥሬያለሁ። ግን ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሄዱት። አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን። አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን። እንደ ባልና ሚስት።»

ኢዶሳ ፈገግ አለ፤ የተማረ ሰው ላልተማረ ሰው የሚሰጣትን ዓይነት ፈገግታ። «መጽሐፉ አንድ ቀለበት አንድ ዓመት ይላል።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ዓሣው የት የነበረ ነው?»

«ፈረንጅ አገር። በረዶ ያለበት ባሕር።»

«እንግዲህ» አለች ድንቅነሽና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ኢዶሳ ያን ቀን በእግሩ ነው የሄደው። ሰንጋ ተራ ሲደርስ ፈገግታው ጠፍቶ ነበር። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሲመጣ ሰላምታም ሳይሰጥ ጀመረ፦ «ምጽዋ ባለው ጣቢያችን፣ በባሕሩ ዳር ገንዳ ውስጥ፣ ጣት ስታክል ተይዛ የገባች አንዲት ቀይ ዓሣ አለች። ሦስት ዓመቷ ነው፤ ይህ የታወቀ ነው። ጭንቅላቷን እንዲልኩልኝ ጽፌያለሁ። ሦስት ቀለበት ካለው እኔ ረታሁ።»

«ስድስት ካለውስ?»

«ስድስት ካለው የአራት ዓመት ሥራዬ ገደል ገባ።»

እንዲህ ሲላት በዓይኗ ውስጥ ደስታ ይፈልግ ነበር። አላገኘም። የምታየው እሱን ነበር፤ እንዳዘነችለት ሰው።

«ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል» አለች ዝቅ ብላ።

«የለም» አለ። «አንቺ አትሳሳቺም።»

ስድስት ሳምንት ሙሉ «እርስዎ» ሲላት የኖረ ሰው ነው። አቶ ሸዋንግዛው ጎረቤት ሻይ ቤት ነበሩ። ግድግዳው ላይ ያሉት አሥራ አንድ ሰዓቶች አሥራ አንድ ዓይነት ጊዜ እየቆጠሩ ሄዱ። ድንቅነሽ ጠጠሯን አነሣች፤ አስቀመጠች፤ እንደገና አነሣች።

«ሻይ ትጠጣለህ?» አለችው በመጨረሻ። ነገሩ በዚህ አለቀ፤ ወይም ተጀመረ።

ስለ ባሕር ይነግራታል። እሷ ያየችው ትልቁ ውሃ ክረምት ላይ የሚሞላው ወንዝ ነው። የባሕሩ ውሃ ጠዋት አረንጓዴ፣ ቀን ሰማያዊ፣ ማታ ደግሞ እንደ ብረት እንደሚሆን ነገራት።

«ትወደዋለህ?»

«ዳር ሆኜ። መርከብ ላይ ከወጣሁ ያስመልሰኛል።»

መስከረም ላይ አንድ ዓርብ መብራት ጠፋ። ደመናም ነበርና መስኮቱ አልበቃ አለ። ግማሽ የተሞረደች ጠጠር በመሐላቸው አስቀምጠው ተቀመጡ።

«ድንቅነሽ።»

«አቤት።»

«ስምንት መቶው ሊያልቅ ስልሳ ቀረ።»

«አዎ።»

«ሌላ ዓሣ የለኝም።»

«እኔ ዘንድ ለመምጣት ዓሣ የግድ ነው እንዴ?»

«አንቺ ዘንድ ላይሆን ይችላል። አባትሽ ዘንድ ግን ሽማግሌ የግድ ነው።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ፈልጋ» አለች። መብራቱ ሲመጣ ሁለቱም ወደ ጠጠሯ አጎንብሰው ነበር፤ የሚሠራ ግን አልነበረም።

አንድ ነገር ተማከሩ። ሽማግሌዎቹ የሱን ስምና ዘር ይናገሩ እንጂ የሱቁን ነገር እንዳያነሡ። «ከመጋረጃው ኋላ አራት ወር ምን ስትሠሩ ነበር?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ መልሱ «ዓሣ ስንሞርድ ብቻ» ነው፤ ይህንን መልስ የሚያምን አባት ደግሞ ገና አልተወለደም። አባቷ ስሙን እንደማያውቁት ሁለቱም ረስተውት ነበር። ለእነሱ ስሙ የዓለም ሁሉ ስም መስሏቸው ይሆናል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ሽማግሌ ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የመጨረሻዋን የክብሪት ሳጥን አመጣላት። የገንዳዋ ዓሣ ጠጠር ነበረች፤ የባለ ሦስት ዓመቷ።

«ማክሰኞ መጥቼ አብረን እንቆጥራታለን» አላት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው የኢዶሳ አጎት አቶ ቦጂያ፣ ሰንጋ ተራ ቤታቸው ያስጠጉት። ሁለተኛው አቶ ገብረጊዮርጊስ፣ ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ሠላሳ ዓመት ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ራፖር ጸሐፊ። አቶ ገብረጊዮርጊስ «በባዶ እውነት የረታ ባለጉዳይ አላየሁም» የሚሉ ሰው ናቸው። ሦስተኛው አቶ ፍሰሐ ዳቦ ጋጋሪ ናቸው፤ ጆሯቸው ስለማይሰማ የሚናገረውን ሰው አፍ ትኩር ብለው ያያሉ፤ ለክብር ቀን የሚለብሱትም አንድ ካኪ ኮት ብቻ ነው።

ድንቅነሽ እንደ ወጉ አክስቷ ቤት ተልካ ነበር። ስለዚህ እዚያ ቤት የተባለውን የሰማችው ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ እኛ ግን አሁኑኑ ብንሰማው ጉዳት የለውም።

አቶ ቦጂያ የልጁን ስም ጠርተው፣ ዘር ቆጥረው፣ ጠባይ አመስግነው፣ «ሥራውም» ብለው ሲጀምሩ አቶ ገብረጊዮርጊስ ቀደሟቸው። ሠላሳ ዓመት በሕግ ደጃፍ የኖረ ሰው ዓሣ ቆጣሪ በሚል ፍሬ ነገር ጉዳይ እንደማይከፈት ያውቃል።

«ልጃችን የባሕር ኃይል መኮንን ነው» አሉ። «መርከብ ያዛል።»

አቶ ቦጂያ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ሽማግሌ በሰው ቤት እርስ በርሱ አይካካድም።

አቶ ሸዋንግዛው ፊታቸው ጠቆረ። የበኩር ልጃቸው ተሰማ ሰሜን ጦር ግንባር ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው። ደብዳቤው በሦስት በሦስት ወር ይመጣል፤ ሦስተኛው ወር ሲያልፍ ሚስታቸው ወይዘሮ ጠጅቱ እህል አይቀምሱም። አንድ ቤት አንድ ወታደር ይበቃዋል። ይህ ግን በዚያ ዘመን በሽማግሌ ፊት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ይልቁንም ካኪ የለበሰ የማያውቁት ሰው አፋቸውን አፋቸውን እያየ።

«ልጅቷ ገና ልጅ ናት» አሉ።

«ሃያ አራት ዓመቷ ነው ሲባል ሰምተን ነበር» አሉ አቶ ቦጂያ።

«ለዕድሜዋ ልጅ ናት።»

በሚቀጥለው እሑድ ተመልሰው መጡ። አቶ ገብረጊዮርጊስ ክሱ የሳሳ መስሏቸው ማስረጃ ጨመሩ፤ ኢዶሳ ሁለት መርከብ ማዘዝ ጀመረ፤ በቅርቡም ሻለቃ ሊባል ሆነ። አቶ ሸዋንግዛው ብድግ አሉ።

«ልጄን አልሰጥም። ለሦስተኛ ጊዜ እንዳትደክሙ።»

ለኢዶሳ የደረሰው ይህ የመጨረሻው ቃል ብቻ ነው። ስለ መርከቦቹ ማንም አልነገረውም።

ድንቅነሽ የምታውቀው ከዚያ ያነሰ ነበር። «አባትሽ አልፈለገም» አሏት ወይዘሮ ጠጅቱ፤ ከዚያ በላይ ለማውራት ፈሩ። ማክሰኞ ኢዶሳ አልመጣም። ዓርብም አልመጣም። ሽማግሌው የተመለሰበት ሰው የልጅቷን አባት ደጃፍ ቢረግጥ ነውር ነው፤ ይህንን ታውቃለች፤ ግን ማክሰኞም ዓርብም በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንገቷ በራሱ ይዞራል።

የገንዳዋን ዓሣ ጠጠር ለብቻዋ ሞረደቻት። ወደ ብርሃን አነሣቻት። አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን። አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን። አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን። ከዚያ ጠርዙ።

ስድስት። ረትታ ነበር፤ የምትነግረው ሰው ግን አልነበረም። ፖስታው ውስጥ ከታ መሳቢያው ውስጥ አኖረችው።

ከአባቷ ጋር አሥር ቀን ጀርባ ለጀርባ ሠሩ። ዓሣ ስለሚነካ ናቁት፣ ትል ነበር በልቧ፤ የሚሸተውን ካፖርቱን ናቁት። እሳቸው ደግሞ ልጃቸው ስለ አንድ የማታውቀው መኮንን ለምን እንዲህ እንደከሳች አልገባቸው አለ። «መርከብ ማየት ፈልጋ ይሆን?» ብለው ሚስታቸውን ጠየቁ አሉ።

ኅዳር ሲገባ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ዳቦ ሰልፍ ላይ ቆማለች። ዳቦ ቤቱ የአቶ ፍሰሐ ነው፤ እሷ ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንደሆኑ አታውቅም፤ እሳቸውም ልጅቷ እሷ እንደሆነች አያውቁም። ጆሮው የማይሰማ ሰው ምሥጢር ሲያወራም በአደባባይ ነው። ከሚዛኑ ኋላ ቆመው ለፊተኛዋ ሴት ያወራሉ፦

«ያ የቦጂያ የእህት ልጅ፣ ኢዶሳ፣ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ በጭነት መኪና ወደ ምጽዋ ሊሄድ ነው። ሁለት ዓመት። እኔ እዚህ ዳቦ እየሸጥኩ ሽማግሌም እሆናለሁ፤ ሁለት ጊዜ ሄደን ሁለት ጊዜ መለሱን።»

«ምን አጠፋ ልጁ?» አለች ሴትዮዋ፤ አፏን እያዩ።

«ምንም። ያ ገብረጊዮርጊስ ደግሞ እንዲከበርልን ብሎ የባሕር ኃይል መኮንን ነው፣ ሁለት መርከብ ያዛል አለላቸው። መኮንንም ቢሆን አልፈለጉትም እኮ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?»

ድንቅነሽ ከሰልፉ ወጣች። ሦስት ሰዓት የቆመችበት ሰልፍ ነበር፤ ስድስት ሰው ብቻ ቀርቷት ነበር። ኋላዋ የነበሩት ሴቶች አበደች መሰላቸው፤ ቦታዋን ግን ለመውሰድ አልዘገዩም።

ሱቅ ስትደርስ አባቷ የአንድ ግድግዳ ሰዓት ሆድ ከፍተው ነበር። መሳቢያውን ሳበችና ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አባባ፣ ይህ የማን ነው?»

«የባለ ዓሣው ነዋ። ምነው፣ ጠፋ ይህ ልጅ። ታሞ ይሆን? ደግ ልጅ ነው።»

«ደግ ነው?»

«ደግ ነው እንጂ። አራት ወር ሲመላለስ አንድ ቀን ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አልሰማሁም።» አቶ ሸዋንግዛው ወደ ሰዓቱ አጎነበሱ፤ ከዚያ ለሰዓቱ እንደሚነግሩ ሁሉ ጨመሩ፦ «ሽማግሌ መላክ ለእንደዚህ ያለው ነበር። መርከብ አዛዥ ምን ያደርግልኛል?»

ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ለአባቷ በአፏ አትናገርም። ድንቅነሽ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ስሙን ያውቁታል?»

«የማንን?»

«የባለ ዓሣው።»

«ስም ጠይቄ አላውቅም፤ ታውቂያለሽ።»

«ኢዶሳ ነው የሚባለው።»

አቶ ሸዋንግዛው አጉሊ መነጽሩን ከዓይናቸው አወለቁ። ዓይናቸው ያለ መነጽር ሲታይ ትንሽና የደከመ ነበር።

«የቦጂያ የእህት ልጅ?»

«አዎ።»

«መርከቡስ?»

«መርከብ የለውም። መርከብ ላይ ከወጣም ያስመልሰዋል። ነገ ጠዋት ምጽዋ ሊሄድ ነው፤ ለሁለት ዓመት። እርስዎ ስለመለሱት።»

አባትየው የተከፈተውን ሰዓት አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ፖስታውን አዩ። በሠላሳ ዓመት የሰዓት ሠሪነት ለማንም ዕቃውን ቤቱ ድረስ ወስደው አያውቁም። የልጅቱ አባት ወደ ወንዱ ሲሄድም በዚህ አገር ታይቶ አይታወቅም። ፖስታውን አንስተው በደረት ኪሳቸው ከተቱ፤ ኮታቸውን ከሚስማሩ አወረዱ።

«ደንበኛ ዕቃውን ሳይወስድ አገር ሊለቅ አይችልም» አሉ። «አንቺም ነይ። ሜክሲኮ በየት በኩል እንደሚኬድ አላውቀውም።»

አርባ ዓመት የኖሩበት ሰፈር ነው።

ኮሌጁ ሲደርሱ የባሕር ሳይንስ ክፍል መጨረሻ ላይ ያለ ረጅም ክፍል ሆኖ አገኙት። በየመደርደሪያው በብርጭቆ ዕቃ የተቀመጠ ዓሣ፣ ሸርጣን፣ ስሙን የማያውቁት ብዙ ነገር። አቶ ሸዋንግዛው ከአንድ ትንሽ ሻርክ ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ኢዶሳ መጻሕፍት በካርቶን እየከተተ ነበር። ቀና ሲል ድንቅነሽን አየ፤ ከእጁ ላይ ያለው መጽሐፍ ወደቀ፤ አላነሣውም።

«ባለ ዓሣው» አሉ አቶ ሸዋንግዛው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። መርከብ ታዛለህ?»

«ምን?»

«መርከብ።»

«እኔ? መርከብ ላይ ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰው ተሸክሞ አወረደኝ።»

«ሻለቃስ መቼ ትሆናለህ?»

ኢዶሳ ወደ ድንቅነሽ ዞረ። ድንቅነሽ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ እሷም አታውቀው። ቀስ ብሎ ገባው።

«ጋሽ ገብረጊዮርጊስ» አለ፤ እንደ በሽታ ስም።

አቶ ሸዋንግዛው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። አሥር ቀን ደረታቸው ውስጥ የነበረ ትንፋሽ ነው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «መጀመሪያውኑ ዓሣ ይቆጥራል ቢሉኝ ምን ነበረበት?» አሉ። «ሰው በሐቅ ሥራው አፍሮ መርከብ ያበድራል?»

«አሁን ግን ለምጽዋ ፈርሜያለሁ» አለ ኢዶሳ። የሚያየው ድንቅነሽን ነው። «ይለፍ ወረቀቱም ወጥቷል። መኪናው ነገ ነው።»

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሚደቅሳ ድምፅ ሰምተው ከጓዳው ክፍል ወጡ። ድንቅነሽ ከአባቷ ኪስ ፖስታውን አውጥታ ለኢዶሳ ሰጠችው። ኢዶሳ ጠጠሯን ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጎ አጎንብሶ አየ፤ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ።

«ዶክተር፣ ይቁጠሩልኝ።»

ዶክተር ሚደቅሳ ቆጠሩ። «ስድስት።»

«የገንዳዋ ዓሣ ናት። ሦስት ዓመቷ ነው።»

ዶክተሩ ቀጥ አሉ። «በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚሠራው ማለት ነው?»

«አንዴ በሐሩሩ፣ አንዴ ውሃው ሲቀዘቅዝ። ድንቅነሽ ሐምሌ ላይ ነግራኝ ነበር። አልሰማኋትም።»

«ስምንት መቶውን ዓሣ በእጥፍ አስረጅተነዋላ። ሪፖርቱስ? ለጉባኤው የሚላከው?»

«ታትሟል። አልተላከም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ዶክተር ሚደቅሳ፤ አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ እግዚአብሔርን ሲጠሩ የሰማቸው አልነበረም። «ስማ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እስኪስተካከል አንተ የትም አትሄድም። ያ የላቦራቶሪው ረዳት፣ እናቱ ምጽዋ ያሉት፣ ልሂድ ብሎ ሦስት ጊዜ አመልክቷል፤ ነገ እሱ ይሂድ። ወረቀቱን ዛሬውኑ አዞራለሁ።» ከዚያ እንደገና ወደ ጠጠሯ አጎነበሱ። «ይህንን እንዲህ አድርጎ ያሳሳው ማነው? የእኛ ማሽን ድሮም እንዲህ አይሠራም።»

ኢዶሳ ዝም አለ፤ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ የተባለው ነገር ነበርና። ድንቅነሽም ወለሉን አየች።

«ልጄ ናት» አሉ አቶ ሸዋንግዛው። «ሰዓቱንም የምትሠራው እሷ ናት። ሁለት ዓመት ሆነን።»

ይህንን ከተናገሩ በኋላ ባርኔጣቸውን ደፉ። «ሱቁን ከፍቼ ነው የመጣሁት» አሉ፤ ቆልፈው ነበር የመጡት። በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። «ሽማግሌዎችህን እሑድ መልሳቸው። ራፖር ጸሐፊውም ይምጣ፤ ቅር እንዳይለው። ግን አፉን እንዳይከፍት።»

ዶክተሩም ወረቀት ፍለጋ ወጡ። ሁለቱ ከዓሣዎቹ ጋር ቀሩ።

«ከስተሻል» አላት።

«አንተስ?»

«እኔ ድሮም እንዲሁ ነኝ።»

ሳቀች። እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች፤ የዘይትና የብርጭቆ ወረቀት ጥቁረት በጣቶቿ ላይ ነበር። እጁን በእጇ ላይ አደረገ። ደጅ መኪና ሲያልፍ የብርጭቆ ዕቃዎቹ ተንቀጫቀጩ፤ ሁለቱም አልተነቃነቁም።

«እናቴ ዳቦ እየጠበቀች ነው» አለች በመጨረሻ።

«ሂጂያ።»

«እሺ» አለች። አልሄደችም።

እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። አቶ ቦጂያ እንደቆሙ፣ «ልጃችን ዓሣ ይቆጥራል። ሌላ ሥራ የለውም። ቀድሞ የቆጠረውንም ተሳስቶ እንደገና እየቆጠረ ነው» አሉ። አቶ ገብረጊዮርጊስ ይህንን ሲሰሙ እንደ ቁስለኛ አቃሰቱ፤ አፋቸውን ግን አልከፈቱም። አቶ ሸዋንግዛው፣ «ይህንን ይመስላል የሰው ወግ፤ ወንበር ያዙ» አሏቸው። ከዚያ ስለ ቀን ተነጋገሩ፤ ጾም ገብቶ ይወጣል፣ ገና ያልፋል፣ ጥምቀት ያልፋል። አቶ ፍሰሐ የሁሉንም አፍ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሠርጉን ዳቦ እኔ እችላለሁም አሉ።

«ልጅቷ ትጠራና ትጠየቅ» አሉ አቶ ቦጂያ። «ዘመኑ የሴቶች እኩልነት ነው።»

ወይዘሮ ጠጅቱ ወደ ጓዳ ገቡ። ቆይተው ብቻቸውን ወጡ።

«ምነው?» አሉ አቶ ሸዋንግዛው። ደነገጡ።

«ተኝታለች።»

«ታማ ነው?»

«የለም፣ እንቅልፍ ነው። ግድግዳውን ተደግፋ ስትሰማ ነበር፤ ‹ወንበር› ሲባል ነው መሰለኝ የወሰዳት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እኮ ዓይኗን አልከደነችም። ቀስቅሼ ላምጣት?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር በወጉ ውስጥ ተጽፎ የሚያውቅ አልነበረም። አቶ ገብረጊዮርጊስ ከዚያ በላይ አልቻሉም።

«እንቅልፍ ፈቃድ ነው» አሉ። «በሕግም ይጸናል።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሰት ነው ያላቸው ሰው አልነበረም። ቀኑን ቆርጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በእግራቸው ጣት እየተራመዱ ወጡ።

ድንቅነሽ ስትነቃ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። ነጠላ ተደርቦላታል። እናቷ አጠገቧ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«ጥር ሃያ ነው» አሏት ቀና ሳይሉ።

«ምኑ?» አለች፤ ከዚያ ትዝ አላት። ነጠላውን እስከ ዓይኗ ስባ ትንሽ ጨምራ ተኛች።